በእንጨት ዲሲ-3 ላይ የብረት ቆዳ ማልበስ፦ ቀለሙ ለምን ይደምናል፣ ስቱኮው ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን ሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ ዘመን አውሮፕላን፣ ዲሲ-3ን፣ በ1 ለ 48 ልኬት ከባሕር ዛፍ ጠርበው ቅርጹን አውጥተዋል። በግድግዳ ስቱኮ ሞልተው ብርማ ስፕሬይ ሲነፉበት ግን ስቱኮው ክንፉና ገላው በሚገናኙበት ቦታ ተሰነጠቀ፤ የእንጨቱ ጭረት ከቀለሙ ሥር እንደ ሰንበር ብቅ አለ፤ ቀለሙም ነጭ ጭጋግ ለበሰ። «ሌላ ዓይነት ስፕሬይ ልግዛ ወይ? የብረቱን መገጣጠሚያና ሪቬቱንስ (ሉሆቹን የሚያያይዙትን ምስማሮች) በምን ላሳይ? ሞተሩንስ ከምን ልሥራው?» ይላሉ።

ስፕሬይ ላይ ገንዘብ አይጨርሱ። ከሦስቱ ችግሮች ሁለቱ የተፈጠሩት ቀለሙ ገና ከጣሳው ሳይወጣ፣ በእንጨቱና በስቱኮው ላይ ነው፤ ሦስተኛውም የሰዓትና የአየር ጉዳይ ነው። ደግሞም ለዚህ አውሮፕላን የብር ቀለም ከጥቂት ቦታ በቀር አያስፈልግዎትም። የዚያ ዘመን ዲሲ-3 ቆዳ በአብዛኛው ያልተቀባ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም ደግሞ በየሱቁ በጥቅል ይሸጣል፣ ምግብ የምንጠቀልልበት ፎይል። እሱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን እንጨቱን እንይ።

ባሕር ዛፍ ለማገርና ለአጠና እንጂ ለሞዴል የሚመች እንጨት አይደለም። ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ እርጥብ ሆኖ ከተጠረበ ደግሞ ከወራት በኋላም ይሰነጠቃል። ገና የሚጀምር ሰው ከአናጺ ቤት የዝግባ ቁርጥራጭ ቢለምን ይሻለዋል፤ ዝግባ የዓመት ቀለበቱ ጎልቶ ስለማይታይ ቢላ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄድበታል። ዋንዛ ቀላልና የማይጣመም ነው፣ ቀዳዳው ግን ሰፋ ስለሚል ብዙ መሙላት ይጠይቃል። ጽድም ለቢላ ይታዘዛል፤ ቅባታም ስለሆነ ግን ከማጣበቅዎ በፊት ፊቱን በቲነር መጥረግ አለብዎት።

እርስዎ የጠረቡትን ግን ለመጣል አይቸኩሉ። 1 ግራም የሚለይ ሚዛን ፈልገው ገላውን ይመዝኑ፤ ከሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ደግመው ይመዝኑ። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ እንጨቱ ገና አልደረቀም፤ የሚቀቡት ሁሉ ይሰነጠቃል። ከቆመ ሥራዎን ይቀጥሉ። የሚያድነው ነገር ገላውን ለሁለት መሰንጠቅ ነው፦ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በመሐል መስመሩ በቀጭን መጋዝ ይክፈሉት፣ ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ውስጡን በመሮ ይፈልፍሉት፣ መጋዙ የበላውን 1 ሚሊ ሜትር በወፍራም ካርቶን ተክተው በኮላ መልሰው ያጣብቁ። ድፍን ግንድ ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ ስንጥቁን የሚያመጣው ይህ ልዩነት ነው። ስስ ግድግዳ ግን ከአየሩ ጋር እኩል ይሄዳል። ከማጣበቅዎ በፊት ውስጡንም እንደ ውጩ በቨርኒሽ ይሸፍኑት፤ ባንድ በኩል ብቻ የታሸገ እንጨት ክረምት በገባ ቁጥር ይጎብጣል። (አዲስ ለሚጀምር፦ ሁለቱን ጣውላዎች መሐላቸው ጋዜጣ አድርገው በኮላ ያጣብቁ፣ ይጥረቡ፣ ከዚያ በቢላ ወረቀቱ ላይ ይክፈቱት። መጋዝ አያስፈልግም።)

አሁን ወደ ክንፉ ሥር ስንጥቅ እንምጣ። የገላው እንጨት ጭረት ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የክንፉ ጭረት ከግራ ወደ ቀኝ። እንጨት በርዝመቱ አይነፋም ማለት ይቻላል፣ በጎኑ ግን ይነፋል። ስለዚህ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ባለበት ይቆያል፤ በመካከል ያለው ስቱኮ ይቀደዳል። የግድግዳ ስቱኮ ደግሞ ኖራ መሰል ዱቄት ነው፤ መለጠጥ አይችልም፣ ይባስ ብሎ በውኃ ስለሚቦካ ሲቀባ እንጨቱን ያነፋዋል፣ ሲደርቅ ትቶት ይሄዳል።

መፍትሔው የክንፉን መካከለኛ ክፍል አንድ ወጥ አድርጎ ሠርቶ በገላው ሆድ በተፈለፈለ ቦይ ማስገባት ነው። ኢፖክሲውን በቦዩ መሐል 30 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ጠርዝ ጠርዙ ነፃ ይሁን። ግራና ቀኙን የክንፍ ክፍል በብስክሌት ራጂ ያያይዙ፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ለዚህ ልክ ነው። ክንፍና ገላውን የሚያገናኘው ሰፊ ጉንጭ በዲሲ-3 ላይ በጣም ጎልቶ የሚታይ ነገር ነው፤ እሱን በስቱኮ ክምር አይሥሩት። መጀመሪያ ከስስ ካርቶን ቆርጠው ቅርጹን ያውጡ፣ በኢፖክሲ ያጠንክሩት፣ ከላይ ብቻ መኪና ጋራዥ ባትላሜራዎች የሚጠቀሙበትን ሜታል ስቱኮ ይለስኑ። አንድ ልስን ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ማድረቂያው በክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ለ20 ግራም ስቱኮ 0.4 ግራም ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲያዘገየው ማድረቂያ መጨመር ያምራል፤ አይጨምሩ። የተረፈው ማድረቂያ ውስጥ ቀርቶ በኋላ ነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ቦታ ሆኖ ይወጣል። ይልቅ ሥራውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ያኑሩት።

ጭረቱን የሚያጠፋው ስቱኮ ሳይሆን መሙያ ቨርኒሽ ነው። ጎማ ላካ (በአልኮል የሚሟሟውን የአናጺ ቨርኒሽ) በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። ከዚያ ሦስት እጅ ጎማ ላካ ከአንድ እጅ የሕፃን ፓውደር ጋር ቀላቅለው (ከታልክ የተሠራውን ይምረጡ፤ ከበቆሎ ስታርች የተሠራው እርጥበት ይስባል) ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀቡ፣ በየመካከሉ በ240፣ ከዚያ በ320፣ ከዚያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ግራጫ ፕራይመር ነፍተው መብራት ከጎን ያብሩበት። በዚያ ብርሃን የማይታይ ጭረት ብቻ ነው ጠፋ የሚባለው። ፎይል ከቀለም የባሰ ገመና ገላጭ ስለሆነ መጨረሻውን በውኃ በ1000 ቁጥር ያድርሱት፤ ውኃ መንካት ያለበት ግን ሙሉ በሙሉ ከታሸገ በኋላ ነው።

ከመልበሱ በፊት ልኬትዎን አንድ ጊዜ ያረጋግጡ። አየር መንገዱ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የያዛቸው አውሮፕላኖች የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት የሆኑት ሲ-47 ነበሩ። ልዩነቱ ለእርስዎ ትርጉም አለው። ዲሲ-3 በክንፉ 29 ሜትር፣ በርዝመቱ 19.7 ሜትር ነው፤ በ1 ለ 48 ሲሆን 604 እና 410 ሚሊ ሜትር። ሲ-47 ደግሞ 29.1 እና 19.4 ሜትር ነው፤ 606 እና 405 ሚሊ ሜትር። የርዝመቱ ልዩነት ያለው ጅራቱ ጫፍ ላይ ነው፦ የዲሲ-3 ሾጣጣ ጫፍ በሲ-47 ላይ የተቆረጠ ይመስላል። በግራ በኩል ከኋላ ያለው ሰፊ ባለ ሁለት መዝጊያ የጭነት በርም የሲ-47 ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ ይምረጡ፤ በሩ፣ ጅራቱ፣ ጽሑፉና ምዝገባው ሁሉ ከዚያው ፎቶ ይሁን። ከሦስት ፎቶ የተለቃቀመ አውሮፕላን በየትኛውም ዓመት ያልበረረ አውሮፕላን ነው።

ክንፉ ላይ ሁለት ስሕተት በብዛት ይታያል። አንደኛው፣ ክንፉ በሙሉ ከሥሩ ወደ ላይ እንዲያዘነብል መደረጉ ነው፤ መካከለኛው ክፍል ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ላይ የሚነሡት ከሞተሮቹ ውጪ ያሉት ክፍሎች ናቸው፣ እነሱም 5 ዲግሪ ገደማ። ለ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት 8.7 ሚሊ ሜትር ከፍታ ማለት ነው፤ ከካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆርጠው ከሥሩ ደግፈው ያጣብቁ። ሁለተኛው የጫፉ ውፍረት ነው። የዲሲ-3 ክንፍ ሥሩ ላይ ውፍረቱ የስፋቱ 15 በመቶ ሲሆን ጫፉ ላይ 6 በመቶ ብቻ ነው። ጫፉ ከወፈረ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቁት አሻንጉሊት ይመስላል።

ፎይሉን ከቀለም የምመርጠው ስለሚያበራ ብቻ አይደለም። የእውነተኛው አውሮፕላን ቆዳ በብዙ ቦታ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሉህ ነው። ለ48 ሲካፈል ከ0.013 እስከ 0.017 ይመጣል፤ የወጥ ቤት ፎይልም ውፍረቱ እዚያው አካባቢ ነው። ሉሆቹ ደግሞ በዲሲ-3 ላይ በአብዛኛው አንዱ ያንዱን ጠርዝ ደርቦ የተመታ ነው። ስለዚህ ፎይሉን ሉህ በሉህ ቆርጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር እየደረቡ ቢለጥፉት መገጣጠሚያው ራሱ በትክክለኛ ልኬቱ ይፈጠራል፤ በመርፌ መስመር መቧጨር አያስፈልግም። የተቧጨረ መስመር በዚህ ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ቦይ ይሆናል፦ 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጭረት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ነው፤ ጣት ይገባበታል።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። የመገጣጠሚያዎቹን ቦታ በእርሳስ በፕራይመሩ ላይ ይሣሉ። ፎይሉን በሁሉም ጎን 2 ሚሊ ሜትር አትርፈው ይቁረጡ። የዘይት ቨርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ በጣም ስስ አድርገው የፎይሉን ጀርባ ይቀቡና ይጠብቁ። በጣት መገጣጠሚያ ጀርባ ሲነኩት የሚይዝ ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ደርሷል፤ ቀድመው ከለጠፉት ቲነሩ ከሥር ይታሰርና ከቀናት በኋላ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጣል። ከመሐል ወደ ጠርዝ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጫኑት፣ ከዚያ በጥፍር ሳይሆን በተላገ የእንጨት ጫፍ ያሹት። ትርፉን በአዲስ ምላጭ ይቁረጡ። ምላጩን ከአሥር ቁርጥ በኋላ ይቀይሩ፤ የደነዘ ምላጭ ፎይል ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። ከጅራት ወደ ፊት፣ ከሆድ ወደ ላይ ይሂዱ፤ እንዲህ ሲሆን የፊተኛው የኋለኛውን፣ የላይኛው የታችኛውን ይደርባል።

አፍንጫውና የሞተር ኮፋኖው አፍ በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎብጡ ሰፊ ፎይል ይጨማደድባቸዋል። እዚያ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይሥሩ፤ መገጣጠሚያቸውን በ0000 ቁጥር የብረት ሱፍ ቢያሹት ይጠፋል። ጋቢ ተከናንበው ግን አይለጥፉ። ብርዱ ያስገድድ ይሆናል፣ ነገር ግን ከጋቢና ከብርድ ልብስ የሚረግፍ አንድ ክር ከፎይሉ ሥር ከገባ እንደ ተጋደመ ገመድ ይታያል።

ሁሉም ሉህ አንድ ዓይነት ካበራ አውሮፕላኑ ቸኮሌት የተጠቀለለበት ይመስላል። የፎይሉ አንድ ፊት ደብዛዛ፣ አንዱ አብረቅራቂ ነው፤ ያ ሁለት ድምቀት ሰጠዎት። ሦስተኛውን ለማግኘት ውኃ ውስጥ ጥቂት ሶዳ ጨምረው ፎይሉን ይቀቅሉት፤ በአልሙኒየም ድስት ውስጥ ውኃ ሲፈላ ውስጡ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። በየሁለት ደቂቃው እያወጡ ይዩት። የጠቆረውን ለሞተር አካባቢ ብቻ ይጠቀሙበት። ሌላው ዘዴ ቀላል ነው፦ የለጠፉትን ሉህ በጥርስ ሳሙና በአንድ አቅጣጫ፣ ጎረቤቱን በተሻጋሪ ማሸት። ቀለማቸው አንድ ሆኖ ብርሃን ሲዞር ይለያያሉ።

ሪቬት ላይ ቁጥብ ይሁኑ። የሪቬት ራስ በእውነቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን በእርስዎ ልኬት 0.13 ነው። በኮላ ጠብታ የሚሠራ ሪቬት ከዚህ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ እኔ ብሆን በጭራሽ አላደርገውም። ከተበላሸ የደወል ሰዓት ትንሿን ጥርሳም ጎማ ያውጡ፤ ጥርሶቿ በ0.5 እና በ0.7 ሚሊ ሜትር መካከል ቢራራቁ ልክ ነው። በመርፌ ላይ እንድትሽከረከር አድርገው እጀታ ያብጁላት፣ ወፍራም ማስኪንግ ቴፕ እንደ ማስመሪያ ለጥፈው በፎይሉ ላይ በቀላሉ ያንከባሉ። ነጥቦቹ ከአንድ ክንድ ርቀት የሚታዩ ከሆነ ከመጠን በላይ ተጭነዋል ማለት ነው።

ፎይል የማይለብሱ ክፍሎች አሉ፦ ኤለሮኖቹ (በክንፉ ኋላ ጠርዝ ወደ ጫፉ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች)፣ የጅራቱ ኤሌቬተርና ራደር (የጅራቱ አግድምና ቁም ተንቀሳቃሽ ክፍሎች)። እነዚህ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሸራ የለበሱ ናቸው፤ የእርስዎ ብር ስፕሬይ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ውስጡ ያለውን የጎድን አጥንት ለማሳየት ስስ የስፌት ክር በጎማ ላካ ይለጥፉ፣ በላዩ ሁለት ጊዜ መሙያ ቨርኒሽ ቀብተው ክሩ ብቅ ብሎ የሚጠፋ እስኪመስል ድረስ በ400 ይሹት። ፍላፖቹ (ለማረፍ ከክንፉ ሥር ወደ ታች የሚከፈቱት) ግን ብረት ናቸው፣ እነሱን ፎይል ያልብሷቸው።

ስለ ጭጋጉ። እንደ ስፕሬይዎ ያለ ቶሎ የሚደርቅ ናይትሮ ቀለም ሲደርቅ ቲነሩ በፍጥነት ስለሚተን የሚቀባውን ነገር ያቀዘቅዘዋል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ማለዳው ቀድሞውንም ቀዝቃዛ ነው፤ በክረምት ደግሞ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ቲነሩ ሲያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በቀለሙ ፊት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ይታሰርና ይነጣል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይንፉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ጨርሶ ይተዉት። ጣሳውን በሞቀ ውኃ ውስጥ (እጅ በሚችለው፣ ከ40 ዲግሪ በታች) አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ ሞዴሉንም ፀሐይ ላይ ለብ ያድርጉት። የነጣውን ለማዳን ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር በስሱ ይንፉበት፤ ቀለሙን መልሶ ሲያለሰልሰው እርጥበቱ ይወጣል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ የሚያስብ ካለ ግን ይተወው። የቲነር ትነት ከፍም እሳት ይይዛል፤ በተዘጋ ክፍል ደግሞ የከሰሉ ጢስ ብቻውን ይገድላል። ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት ለሚሠሩ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ሙቀቱ ቀለሙን ሳይደርስ በአየር ላይ ስለሚያደርቀው ፊቱ እንደ አሸዋ ይሻክራል። እነሱ ጠጋ ብለው፣ በማለዳ ይንፉ።

አንድ ሕግ ይጨመር፦ ናይትሮ በዘይት ቀለም ላይ አይነፋም፤ ከሥር ያለውን አኮማትሮ ያነሣዋል። ዘይት ቀለም በደረቀ ናይትሮ ላይ ቢመጣ ችግር የለውም።

ሞተሩ ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ነው፤ 14 ሲሊንደር፣ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ። ዳያሜትሩ 1.22 ሜትር ስለሆነ የእርስዎ 25.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መሐሉን ከ10 ሚሊ ሜትር ድብልብል እንጨት ያድርጉ። ለሲሊንደር የጆሮ ማጽጃ ፕላስቲክ እጀታ (2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ) ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ አጠጋግተው ይጠምጥሙ፤ ጥምጥሙ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን ይሰጥዎታል። በሱፐር ግሉ ካሰሩት በኋላ 7.5 ሚሊ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ለሁለት ሞተር 28 ያስፈልጋል፤ 32 ይሥሩ፣ አንዳንዱ ሲቆረጥ ይፈታል። በወረቀት ላይ በ51.4 ዲግሪ ሰባት መስመር ሥለው እንጨቱ ላይ ይለጥፉ፣ የኋላው ረድፍ በፊተኞቹ መካከል እንዲታይ 25.7 ዲግሪ ያዙሩት። በኮፋኖው ጥላ ውስጥ ስለሚገባ ከዚህ በላይ መልፋት የሚያስመሰግን አይደለም፤ በየፊተኛው ሲሊንደር ፊት ሁለት ሁለት ቀጭን የሽቦ ዘንግ ቢያደርጉ ይበቃል።

ፕሮፔለሩ ባለ ሦስት ምላስ ነው፣ ዳያሜትሩ በልኬትዎ 73 ሚሊ ሜትር ገደማ። ያረጀ የባንክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ለምላሶቹ ጥሩ ነው። በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክረው ይጠምዝዙት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ካርዱን ለማለስለስ ይበቃል። ጥምዘዛው ሥሩ ላይ ይበዛል፣ ጫፉ ላይ ያንሳል። አቅጣጫውን ይጠንቀቁ፦ ሁለቱም ሞተሮች ከኋላ ሆነው ሲያዩዋቸው በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። አንዱን የሌላው መስታወት አድርጎ መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው።

የአብራሪዎቹ መስታወት ከጠፍጣፋ ክፍሎች የተገጠመ ስለሆነ ቅርጽ ማውጣት አያሻም፤ ከሃይላንድ ጠርሙስ ቀጥ ካለው ቦታ ቆርጠው በኮላ ያጣብቁ። ሱፐር ግሉ አያስጠጉ፣ ትነቱ ፕላስቲኩን ያነጣዋል።

የማረፊያ እግሮቹን ከራጂ፣ የሚገቡበትን ቱቦ ከወፍራም የስሪንጅ መርፌ ያድርጉ። ትልልቆቹ ጎማዎች 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከዝግባ በትራፓኖ አዙረው ሞርደው ካወጧቸው በኋላ መሬት የሚነካውን ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ያድርጉት። አውሮፕላኑ በጅራቱ ስለሚቀመጥ አፍንጫው ውስጥ የእርሳስ ብረት ክብደት መጫን የለብዎትም።

የቀለም መስመሩንና ጽሑፉን ፎይሉ ከተለጠፈ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ይሥሩ። ማስኪንግ ቴፑን መጀመሪያ ልብስዎ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥፈው ያንሡት፤ ሙጫው ካልደከመ ፎይሉን ይዞት ይመጣል። ቀለሙ በሚነፋበት ቦታ ፎይሉን በ1000 ቁጥር አደብዝዘው ስስ ፕራይመር ያስቀድሙ፣ አለዚያ ባዶ አልሙኒየም ላይ ቀለም በጥፍር ይላጣል። ቀለሙ ለንክኪ እንደ ደረቀ፣ ሳይጠነክር፣ ቴፑን ወደ ኋላ በደንብ አጥፈው በዝግታ ይላጡት፤ ፕሮፔለሮቹንና አንቴናውን የሚተክሉት ከዚያ በኋላ ነው።